ካርዱን ልቀይር ወይስ ሁሉንም ልጣል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም አራት ጥያቄ ይዣለሁ። አራቱም ስላረጀ የጌም ኮምፒውተር ናቸው። ካርድ ስል ምስሉን የሚስለውን ግራፊክስ ካርድ፣ ቦርድ ስል ዕቃዎቹ ሁሉ የሚሰኩበትን ማዘርቦርድ ማለቴ ነው። ለመጀመሪያው ብዙ ቦታ ሰጥቻለሁ። ጠያቂው ትዕግሥተኛ ሰው ነው፤ ለካልኝ ያልኩትን ሁሉ ለክቶ፣ ፎቶ አንስቶ ልኮልኛል። እንዲህ ዓይነት ሰው ሲገኝ በሁለት መስመር መሸኘት ነውር ነው።

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ኮምፒውተሬ 9 ዓመት ሊሞላው ነው። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ5-6500፣ ካርዱ ጂቲኤክስ 1060 ባለ 6 ጊጋ፣ ራሙ 8 ጊጋ፣ ሃርድ ዲስኩ 1 ቴራ፣ ፓወር ሰፕላዩ 450 ዋት ነው። ሞኒተሬ ተራ ባለ 60 ኸርዝ ፉል ኤችዲ ነው። አዳዲስ ጌሞች ስታክ ያደርጉብኛል። ግማሾቹ ጓደኞቼ ‹ካርዱን ቀይር› ይሉኛል፣ ግማሾቹ ‹ጣለው› ይላሉ። ለካርድ የሚሆን ገንዘብ አጠራቅሜአለሁ። ሙሉ ኮምፒውተር ግን አቅሜ አይደለም። ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ገንዘቡን ለጊዜው አትንካው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። «ስታክ ያደርጋል» የምንለው ነገር ሦስት የተለያየ በሽታ ነው። አንደኛው ጌሙን ከከፈትክበት ደቂቃ እስክትዘጋው ድረስ ሲንቀራፈፍ ነው። ሁለተኛው ጥሩ እየሄደ ድንገት ቀጥ ሲል፣ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ሲቀጥል ነው። ሦስተኛው ሃያ ደቂቃ ያህል እንደ አዲስ ሠርቶ ከዚያ በኋላ ሲደክም ነው። ለአንደኛው የሚጠረጠሩት ካርድና ፕሮሰሰር ናቸው። ለሁለተኛው ራም፣ ማለትም የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ እና ዲስክ። ለሦስተኛው ሙቀት። «ኮምፒውተሬ 9 ዓመቱ ነው» ስትለኝ ከእነዚህ የትኛው እንደያዘህ አልነገርከኝም። ስለዚህ መልሼ ጠየቅኩህ።

የመለስክልኝ እንዲህ ነበር፤ «መኪና እየነዳሁ ወደ አዲስ የከተማው ክፍል ስገባ ምስሉ ቀጥ ይላል። ያኔ ከኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ቅርጭጭ ቅርጭጭ የሚል ድምፅ ይሰማኛል። ሁለት ሰከንድ ቆይቶ ይለቃል።»

ይህን ሳነብ ፈገግ አልኩ። ድምፁን አውቀዋለሁ። የሃርድ ዲስኩ ነው። ውስጡ በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ሳህን አለ። ከሳህኑ በላይ መረጃ የምታነብ ትንሽ ክንድ ወዲያ ወዲህ ትላለች። አዲስ ሰፈር ስትገባ ጌሙ የመንገዱን፣ የሕንፃውን፣ የሰዉን ምስል ባንዴ ይጠይቃታል። እሷ ደግሞ አንዱን ከዚህ ጥግ፣ አንዱን ከዚያ ጥግ እየሮጠች ትለቅማለች። ቅርጭጭታው የእሷ ሩጫ ነው። እስክትጨርስ ድረስ ካርድህም ፕሮሰሰርህም እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቃሉ።

ቀጥሎ አንድ ሙከራ ሰጠሁህ። የጌሙን ሪዞሉሽን ከ1920 በ1080 ወደ 1280 በ720 አውርደህ ያንኑ መንገድ ድገመው አልኩህ። ምስሉን የሚስለው ካርዱ ነው። ሪዞሉሽኑ እንዲህ ሲወርድ የሚስለው ነጥብ ከ2 ሚሊዮን ወደ 900 ሺህ ገደማ ይቀንሳል፤ ሥራው ከግማሽ በታች ይሆንለታል። ፍሬሙ፣ ማለትም በሰከንድ የሚሳለው የምስል ብዛት፣ ሽቅብ ከዘለለ እስካሁን ጭነቱ የከበደው ካርዱ ነበር ማለት ነው። ፍሬሙ ንቅንቅ ካላለ ካርዱ ድሮም ሥራ ፈትቶ ነበር። አንተ ጋ 71 የነበረው 74 ሆነ። ሦስት ፍሬም! አፍተርበርነር በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ያየኸውም ይህንኑ ይላል። ካርዱ 60 ከመቶ አካባቢ ይሠራል። የፕሮሰሰሩ አራቱም ኮር 100 ላይ ተሰቅለዋል። ከ8 ጊጋው ራም 7.6 ያህሉ ተይዟል።

ሁለት በሬ ስትጠምድ እርሻው የሚሄደው በደካማው እግር ነው። ያን ሁሉ ገንዘብ አውጥተህ አዲስ ካርድ ብትሰካ ኖሮ ከዚሁ ፕሮሰሰርና ከዚሁ ዲስክ ጋር ተጠምዶ 74 ፍሬም ይሰጥህ ነበር። ቅርጭጭታውም በቦታው ይቆይ ነበር። ከዚያ «ካርዱ ፎርጅድ ነው» ብለህ ከሻጩ ጋር ትጣላለህ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር አለ። ሞኒተርህ 60 ኸርዝ ነው። በሰከንድ ከ60 ምስል በላይ ሊያሳይህ አይችልም። አንተ ደግሞ 71 እያገኘህ ነው። ታዲያ ምን አናደደህ? ያናደደህ የፍሬሙ ብዛት አይደለም፣ እኩል አለመሆኑ ነው። በሰከንድ 60 ፍሬም ማለት እያንዳንዱ ምስል 16.7 ሚሊሰከንድ ይደርሰዋል ማለት ነው። ከመካከላቸው አንዱ ብቻ 200 ሚሊሰከንድ ቢፈጅ የደቂቃው አማካይ ቁጥር ብዙም አይነቃነቅም። ዓይንህ ግን ያየዋል። በተለይ ያቺን ሰዓት ጠላት ፊትህ ቆሞ ከሆነ እድሜ ልክህን አትረሳውም። ስለዚህ ዕቃ ስታወዳድር አማካዩን ብቻ አትይ። «1 ከመቶ ዝቅተኛ» የሚባለውን ቁጥር ፈልግ። የከፉት ቅጽበቶች ምን ያህል እንደሚከፉ የሚነግርህ እሱ ነው።

እንግዲህ ምን ትግዛ? ራምና ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ሳህን የሌለው ዲስክ። በቃ።

ከላክልኝ ፎቶ ላይ ማዘርቦርድህ ሁለት የራም ማስገቢያ እንዳለው፣ ከሁለቱ አንዱ ባዶ እንደሆነ አይቻለሁ። ያቺ ማስገቢያ 9 ዓመት ሙሉ አቧራ ስትጠጣ ኖራለች። 8 ጊጋ ጨምርባትና 16 አድርሰው። ሁለት ፍሬ ራም ሲሰካ ፕሮሰሰሩ በሁለት መስመር ያነባል፤ በአንድ ፍሬ ግን በአንድ መስመር ብቻ። ስለዚህ የምታገኘው ቦታ ብቻ አይደለም፣ ፍጥነትም አለው። ቦርድህ የሚቀበለው የራም ዓይነት ዲዲአር4 ነው። ከቻልክ ባለ 3200 ፍጥነት ሁለት ፍሬ፣ ጥንድ ሆኖ የተሸጠውን ግዛና አሮጌውን አውጣው። የአንተ ቦርድ በ2133 ያሄደዋል፣ ጉዳት የለውም። ነገ ዲዲአር4 የሚቀበል የተሻለ ቦርድ ስታገኝ ይዘኸው ትሄዳለህ፤ ያኔ ሙሉ ፍጥነቱን ትጠቀምበታለህ። ዲዲአር5 ወደሚፈልግ ቦርድ ከዘለልክ ግን ራሙ እዚሁ ይቀራል። ይህን አውቀህ ግባበት።

ኤስኤስዲው ተራው ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ይበቃሃል። በሰከንድ 550 ሜጋባይት ገደማ ያነባል። ዋናው ነገር ግን ቁጥሩ አይደለም። ኤስኤስዲ ውስጥ የምትሮጥ ክንድ የለችም። ከየትኛውም ጥግ ቢጠየቅ ወዲያው ይሰጣል። ፍሬም ይጨምርልኛል ብለህ አትጠብቅ፣ አይጨምርም። ያቺን ሁለት ሰከንድ ነው የሚያጠፋልህ። አንዳንድ ጌምማ አሁን ያለ ኤስኤስዲ አይታሰብም። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ስታርፊልድ ዝቅተኛ መስፈርቱ ላይ ራሱ ኤስኤስዲ ያስፈልጋል ብሎ ጽፏል። ደግሞ ኤስኤስዲ ነገ ወደ የትኛውም ኮምፒውተር አብሮህ ይሄዳል። አሮጌውን ዲስክ አትጣለው፤ ፎቶና ፊልም ያስቀምጥልህ። ዊንዶውሱን ከአሮጌው ገልብጠህ አታምጣ፤ እንደ አዲስ ጫነው። የ9 ዓመት ቆሻሻ ወደ አዲስ ቤት ይዞ መግባት ምን ይባላል?

አሁን ስለማትገዛው ነገር ላውራ። አንድ ሰው መጥቶ «ቦርድህ ኮር አይ7-7700 ይቀበላል፣ እሱን ግዛ» ይልሃል። እውነቱን ነው፤ ባዮሱ፣ ማለትም ቦርዱን የሚያስነሳው ውስጣዊ ፕሮግራም፣ ከታደሰ ይቀበላል። አራት ኮር ሆኖ ስምንት ሥራ ባንዴ ስለሚያስኬድ ለውጡም ይታይሃል። ነገር ግን መጨረሻው ቅርብ ነው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል ከ8ኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉትን ነው በደንቡ የሚቀበለው። የአንተ 6ኛ ነው፣ 7700 ደግሞ 7ኛ። የ8ኛው ትውልድ ፕሮሰሰር መልኩ ተመሳሳይ ቢሆንም ቦርድህ ላይ አይሠራም። መስፈርቱን ዘሎ የሚጫንበት ዘዴ እንዳለ አውቃለሁ። ነገ አፕዴት ሲከለክልህ ግን ወደ እኔ አትጻፍ። 7700ውን አንድ ዘመድ በነፃ ከሰጠህ ስመህ ተቀበል። በገንዘብ ግን አይሆንም።

ካርድህም ቢሆን ጡረታው ተጽፏል። የካርዱ አምራች ኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 10 ለሚባሉት ካርዶች አዳዲስ ጌም ተከትሎ የሚያወጣውን ድራይቨር፣ ማለትም ካርዱን የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 አቁሟል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የደህንነት ጥገና ብቻ ነው። ጭራሽ የማይከፈትልህ ጌምም አለ። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ዱም፦ ዘ ዳርክ ኤጅስ ሬይ ትሬሲንግ፣ ማለትም የብርሃንን ጉዞ እያሰላ መሳል፣ የሚችል ካርድ ግድ ይላል፤ 1060 ደግሞ ያ ነገር አልተፈጠረበትም። ሴቲንግ በማውረድ የሚታለፍ አይደለም።

እኔ ሁሉንም የምቀይርበትን ቀን የምወስነው እንዲህ ነው። አንድ ዕቃ ለመቀየር ስነሳ ሌላ ሁለት ዕቃ ካስከተለብኝ ቀኑ ደርሷል። አንተ ጋ ፕሮሰሰር ቦርድን ይጎትታል፣ ቦርድ ራምን ሊጎትት ይችላል፣ ሦስቱ ደግሞ ኋላ ካርድን ይጠራሉ። ስለዚህ የካርዱን ገንዘብ አትበትነው፤ ላዩ ላይ እየጨመርክ ጠብቅ። ሲሞላ መጀመሪያ ፕሮሰሰርና ቦርዱን ለውጥ። 1060ውን ወደ አዲሱ አዛውረው፣ ጥቂት ወር ያገልግልህ። ካርድ የመጨረሻው ይሁን። ጓደኞችህ ከመጨረሻው ጀምር ነው ያሉህ።

ፓወር ሰፕላይህ ግን ያሳስበኛል። 450 ዋት ለ1060 ይበቃል፤ ካርዱ የሚፈልገው 120 ዋት ነው። የሚያሳስበኝ 9 ዓመቱ ነው። ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች በሙቀትና በጊዜ ይደክማሉ። አዲስ ካርድ በምትገዛበት ቀን እሱንም አዲስ አድርገው። ሲቀየር ደግሞ ከእኔ ስህተት ተማር። ከጥቂት ዓመት በፊት ኬብሉ የሚነቀል ፓወር ሰፕላይ ቀየርኩ። አዲሱን ሰካሁ፣ የዲስኩን ኬብል ግን ከአሮጌው የተረፈውን ተውኩት። ጥሩ ተደርጎ በኬዙ ጀርባ ታስሮ ነበር፣ ለመፍታት ሰነፍኩ። ሶኬቱ ልክ ገጠመ። ማብሪያውን ስጫን ጠቅ የሚል ድምፅ፣ ከዚያ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ መጣ። ሁለት ዲስክ ባንዴ ሄደ። የየአምራቹ የሽቦ አሰላለፍ ይለያያል፤ 5 ቮልት መምጣት ያለበት ቀዳዳ ላይ 12 ቮልት መጥቶ ነበር። ሶኬቱ ገጠመ ማለት ኬብሉ የእሱ ነው ማለት አይደለም። አሮጌውን ስታወጣ ኬብሎቹን ሁሉ አብረህ አውጣ፤ እንዳይፈትኑህ ከዓይንህ አርቃቸው።

ጥያቄ፦ «የተከበሩ አዘጋጅ፣ የ15 ዓመት ልጅ አለኝ። የጌም ኮምፒውተሬ አርጅቷል፣ አዲስ ይገዛልኝ እያለ መቆሚያ መቀመጫ አሳጥቶኛል። የገዛንለት ከ5 ዓመት በፊት ነው። እኔ ስለዚህ ነገር ምንም አላውቅም። እውነቱን ነው ወይስ ጓደኞቹን አይቶ ነው? ‹ድሮ ጸጥ ያለ ነበር፤ አሁን እንደ አውሮፕላን ይጮኻል፣ እየቆየ ይንቀራፈፋል› ይላል። ዝርዝሩን ራሱ ጽፎ ሰጥቶኛል፤ ራይዘን 5 3600፣ አርቲኤክስ 2060፣ 16 ጊጋ ራም፣ ሞኒተር 144 ኸርዝ።»

መልስ፦ ልጅዎ አልዋሸዎትም። ይሁንና የጎደለው ብሩሽ ይመስለኛል።

«እየቆየ ይንቀራፈፋል» እና «እንደ አውሮፕላን ይጮኻል» አብረው ሲመጡ ሙቀት ነው። ፕሮሰሰር ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ፋኑ ደግሞ ሊያቀዘቅዘው አቅሙን ሁሉ አውጥቶ ይሽከረከራል። የጻፈልዎት ዕቃ ለብዙ ጌም ገና የሚበቃ ነው። ፕሮሰሰሩም ዊንዶውስ 11 ከሚቀበላቸው መካከል ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ነፃ ያድርጉና ከልጅዎ ጋር ይክፈቱት። አጥፍተው ከግድግዳው ይንቀሉት፤ የቀረውን ኃይል እንዲጨርስ ማብሪያውን ለጥቂት ሰከንድ ይጫኑት። የጎኑን መዝጊያ ያውልቁ። ከማንኛውም ነገር በፊት የብረቱን ኬዝ በእጅዎ ይንኩ፤ በሰውነትዎ ያለው ስታቲክ እዚያ ይልቀቅ። የፕሮሰሰሩን ፋን ከላይ ፈትተው ያንሱት። ከሥሩ ቀጫጭን የአሉሚኒየም ክንፎች መታየት አለባቸው። እነሱን ትተው ግራጫ ባዘቶ የመሰለ ነገር ካዩ ጥፋተኛውን አገኙት። እኔ አንዴ ከአንድ ኮምፒውተር ላይ ያንን ባዘቶ በጣቴ ጫፍ ይዤ ስስበው እንደ ጨርቅ ሙሉውን ተላጦ ወጣ። የፋኑ ቅርጽ ሳይቀር ታትሞበት ነበር። ከላይ ሲያዩት ፋኑ ይዞራል፣ ነፋሱ ግን የትም አይደርስም።

ለስላሳ ብሩሽና የታመቀ አየር ይጠቀሙ። ሲነፉ የፋኑን ክንፍ በጣትዎ ያዝ ያድርጉት፤ በአየሩ በጣም ከተሽከረከረ ይጎዳል። የቤት መጥረጊያ ቫኪዩም ቦርዱ ላይ አያስጠጉ፣ ስታቲክ ይፈጥራል። የካርዱን ፋኖችና የፓወር ሰፕላዩን ወንፊትም አይርሱ። ፓወር ሰፕላዩን ራሱን ግን አይክፈቱት።

ይህ ካልበቃ ማቀዝቀዣው ሙሉ በሙሉ ይነሳና ቴርማል ፔስቱ፣ ማለትም በእሱና በፕሮሰሰሩ መካከል ያለው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት፣ ይቀየራል። ከ5 ዓመት በኋላ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቆ ያገኙታል። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በዚህ ዓይነት ቦርድ ላይ ማቀዝቀዣውን ቀጥ አድርገው ከሳቡት ፕሮሰሰሩ ተጣብቆ ከነእግሩ ይነቀላል። እግሮቹ ከ1,300 በላይ ናቸው፤ አንዱ ቢጣመም የሰዓታት ሥራ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ኮምፒውተሩን አሥር ደቂቃ አሠርተው ፔስቱ ይለስልስ፣ ከዚያ አጥፍተው፣ ነቅለው፣ ማቀዝቀዣውን ቀስ ብለው ወደ ግራ ወደ ቀኝ እያዞሩ ያላቁት። አሮጌውን ፔስት በአልኮል ይጥረጉ። አዲሱ የአተር ፍሬ የምታህል ትበቃለች።

መዝጊያውን ሲመልሱ ከኋላ የሞኒተሩ ኬብል የት እንደተሰካ ይዩ። ካርዱ ላይ መሆን አለበት፣ ቦርዱ ላይ ካሉት ቀዳዳዎች አይደለም። ቀጥሎ ዊንዶውስ ውስጥ የሞኒተሩ ሴቲንግ ስንት ኸርዝ ላይ እንዳለ ልጅዎ ያሳይዎት። 144 ኸርዝ ሞኒተር ገዝቶ 60 ላይ የሚጫወት ሰው ቢቆጠር ጉድ ይባላል። እኔ ራሴ አራት ወር ሙሉ እንደዚያ ተጫውቻለሁ። ባሰብኩት ቁጥር ያሳፍረኛል፤ ያውም ለሰው ሁሉ «144 የዓይን በረከት ነው» እያልኩ ነበር። የራሙም ፍጥነት ባዮስ ውስጥ ኤክስኤምፒ የሚባለው ካልተከፈተ ከተጻፈበት በታች ይሠራል። ልጅዎ ይህን ሳያውቀው አይቀርም፤ ይጠይቁት።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ከከበደው ከላይ ለመጀመሪያው ጠያቂ የሰጠሁትን የሪዞሉሽን ሙከራ ያድርግና ቁጥሩን ይላክልኝ። ቁጥር ይዞ ለሚመጣ ልጅ እኔም ከጎኑ ቆሜ እለምንለታለሁ።

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ። ራይዘን 5 1600 በቢ350 ማዘርቦርድ ላይ አለኝ፤ 16 ጊጋ ራም፣ አርኤክስ 580 ባለ 8 ጊጋ። የምወደው ከተማ የሚገነባበትን ጌም ነው። ከተማዬ ትንሽ እያለች ሁሉ ነገር ደስ ይላል። ሕዝቡ ሲበዛ ግን ሰዓቱ ራሱ ይጎተታል። ቦርዱን ሳልቀይር ፕሮሰሰር ብቻ ብቀይር ይሆናል ሲሉ ሰማሁ። እ.ኤ.አ. በ2017 የተገዛ ቦርድ ነው። እውነት ነው?»

መልስ፦ እውነት ነው እህቴ። ዘንድሮ ከጻፉልኝ ሁሉ ዕድለኛዋ አንቺ ነሽ።

የራይዘን አምራች ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ2022 ለእነዚያ አሮጌ ቦርዶች ራይዘን 5000 የሚባሉትን ፕሮሰሰሮች ፈቅዷል። ሶኬቱ ያው ኤኤም4 ነው። መጀመሪያ የቦርድሽን ሙሉ ስም ከቦርዱ ላይ አንብበሽ ወደ አምራቹ ገጽ ሂጂና የሚቀበላቸውን የፕሮሰሰር ዝርዝር እይ። ከፕሮሰሰሩ ስም ጎን የሚያስፈልገው የባዮስ ቁጥር ተጽፏል።

ከተማ የሚገነባበት ጌም የፕሮሰሰር ጌም ነው። እያንዳንዱ ነዋሪ የት እንደሚሄድ፣ በየትኛው መንገድ እንደሚያልፍ የሚያሰላው እሱ ነው፤ ካርዱ የተሰላውን ይስላል። ለዚህ ዓይነት ስሌት ፕሮሰሰሩ አጠገቡ ያለው ፈጣን ማስቀመጫ፣ ካሽ የሚሉት፣ በሰፋ ቁጥር ይመቸዋል። የአንቺው 16 ሜጋባይት ካሽ አለው። ራይዘን 7 5700ኤክስ3ዲ 96 አለው። ካገኘሽው እሱን ያዢ። ካጣሽው ራይዘን 5 5600ም ቢሆን ከአሁኑ ጋር አይወዳደርም፤ 32 ሜጋባይት ካሽ ይዞ ይመጣል። ሁለቱም ዊንዶውስ 11 ላይ ችግር የለባቸውም፤ 1600ው ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም። 5600 ማቀዝቀዣው ካርቶኑ ውስጥ አብሮት ይመጣል። 5700ኤክስ3ዲ አይመጣለትም፣ ስለዚህ ጥሩ ማቀዝቀዣ ለብቻ አስቢ።

ቅደም ተከተሉን አታዛቢ። ባዮሱ የሚታደሰው አሮጌው ፕሮሰሰር ተሰክቶ እያለ ነው። አዲሱን መጀመሪያ ከሰካሽው ቦርዱ አያውቀውም፤ ፋኑ ይዞራል፣ ሞኒተሩ ጥቁር ይሆናል፣ አንቺም «የሞተ ዕቃ ሸጡልኝ» ብለሽ ታለቅሻለሽ። የአምራቹን ማስታወሻ አንብቢ፤ አንዳንዱ ቦርድ በቀጥታ ወደ መጨረሻው ባዮስ አይዘልም፣ መሃል ላይ ያለውን አስቀድሞ ይፈልጋል። አንዳንዱ አንዴ ከታደሰ ወደ ኋላ አይመለስም። እየታደሰ ሳለ መብራት ከጠፋ ቦርዱ ሊበላሽ ስለሚችል መብራት የሚያስተማምንሽን ሰዓት ምረጪ። ባሩ መቶ እስኪሞላ እጅሽን ከኪቦርዱ አንሺ።

ካርዱን አሁን አትንኪው። ፕሮሰሰሩ ከገባ በኋላ ትልቋን ከተማሽን ክፈቺና ያኔ ስለ 580 እናወራለን።

ጥያቄ፦ «ያገለገለ ካርድ ልገዛ ነው። ስሄድ ምን ምን ልይ?»

መልስ፦ ተሰክቶ ሲሠራ እይ። የተነቀለ ካርድ አትግዛ፣ የቱንም ያህል ቢያብረቀርቅ። ከበድ ያለ ጌም ወይም መፈተኛ ፕሮግራም ግማሽ ሰዓት አሠርተው። ምስሉ ላይ ባለቀለም ነጠብጣብ ወይም ብልጭልጭታ ካየህ አመስግነህ ውጣ። ጆሮህን ወደ ፋኑ አስጠጋ፤ የሚንኳኳ ፋን ይቀየራል፣ ግን ዋጋው ላይ ተከራከርበት። ከጀርባ ያሉትን ብሎኖች እይ፤ ጥርሳቸው ከተበላ ተከፍቷል፣ ለምን እንደተከፈተ ጠይቅ። መከፈት ብቻውን ወንጀል አይደለም፣ ፔስት የሚቀይር ጠንቃቃ ባለቤትም ይከፍተዋል። ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም በፍላሽ ይዘህ ሂድ። የአሮጌ ካርድ ባዮስ ቀይረው በአዲስ ስም የሚሸጡ አሉ። ጂፒዩ-ዚ አስመሳዩን ሲለይ ስሙ ላይ ምልክት ያደርግበታል።

ለካርዱ የሚበቁ መሆናቸውን ለማወቅ የፓወር ሰፕላይህን ሶኬቶችም ቁጠር። ባለ 6 እግሩ 75 ዋት፣ ባለ 8 እግሩ 150 ዋት፣ ቦርዱ ራሱ ደግሞ 75 ዋት ነው በደንቡ የሚሰጠው።

ከሁሉም በፊት፣ ከቤት ሳትወጣ፣ ኬዝህን በሜትር ለካ። ካርዱ ከሚሰካበት ከኋላው ግድግዳ እስከ ፊት ለፊቱ የመጀመሪያ እንቅፋት ድረስ። ብዙ ጊዜ እንቅፋቱ የሃርድ ዲስክ መደርደሪያው ነው። እኔ አንዴ ሳልለካ ሄጄ የገዛሁት ካርድ በሁለት ሴንቲሜትር አልገባ አለኝ። ሌሊት በብረት መጋዝ መደርደሪያውን ቆረጥኩት። ካርዱ ገባ። የጎኑ መዝጊያ ግን እስከ ዛሬ አልገጠመም።